በቅጹ ላይ አንደኛ የወጣው ቧንቧ

ድሬዳዋ ውስጥ ብርድ ልብስ ይመረታል ቢባል ማን ያምናል? አንሶላ እንኳ በሚከብድበት፣ ሰው ፍራሹን ደጅ አውጥቶ በሚተኛበት አገር፣ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት መቶ አርባ ሰው ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲሸምንና ሲያደርቅ ይውላል። ብርድ ልብሱ ደጋ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ለእኛ ይቀራል። የሙቀቱ ሁሉ ምንጭ የፋብሪካው ቦይለር ክፍል ነው። የቦይለር ክፍሉ ሰው ደግሞ ዘርዓብሩክ ነው፤ ልነግራችሁ የተነሣሁትም የእሱን ነገር ነው።

ዘርዓብሩክ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ስድስቱን ከቦይለር ጋር ኖሯል። አባቱ የባቡር ሰው ነበሩ፣ በፈረንሳይኛ የሚሳደቡ፣ በአማርኛ የሚጸልዩ። ልጃቸው ያደገው ከሶማሌ ልጆች ጋር ኳስ ሲያሳድድ ስለሆነ ሶማሊኛው ከሶማሌ አይለይም። የማያውቁት ሰዎች ጎሳው የትኛው እንደሆነ ይጠይቁታል። እሱም ሳይስቅ «ቦይለር» ይላቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ በእሳት እየተለበለበ ያለቀ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉን ብታዩት ግን! የግፊትና የሙቀት ቁጥር የሚሞላበትን መዝገብ እንደ ሠርግ ጥሪ ነው የሚጽፈው።

ቦይለር ለማታውቁ፣ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው በሉት። ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ሄዶ ማድረቂያዎቹን ያግላል፣ ብርድ ልብሱ ይደርቃል፣ እንፋሎቱም በርዶ መልሶ ውሃ ይሆናል። ይህ መልሶ የሚገኘው ውሃ የዋዛ ውሃ አይደለም። የድሬን ውሃ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ ይጋግራል፣ ከሳሙና ጋርም የተጣላ ነው፣ ቢያሹት ቢያሹት አረፋ የለም። እንፋሎት ሆኖ ሲነሣ ግን ኖራውን ሁሉ እታች ጥሎት ነው የሚነሣው። ተመልሶ ውሃ ሲሆን እንደ ዝናብ የለሰለሰ ነው፣ በዚያ ላይ ትኩስ።

የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ይህን ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚመልሰው ታንከር ዝጎ ተበሳ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ አዲስ ታንከር እስኪገዛ ድረስ ለጊዜው በኋለኛው አጥር በኩል ወደ ውጭ ይፍሰስ አለ። ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚረዝም መቼም እናንተም ታውቃላችሁ። ዘርዓብሩክ በመጀመሪያው ዓመት ታንከሩ እንዲገዛ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስተኛውን አልጻፈም፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ዓመት ኒሞ መጣች።

ኒሞ ከአጥሩ ኋላ የምትኖር ሴት ናት፤ ልብስ አጣቢ። መጋላ ሰፈር ውስጥ ላለ አንድ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። አንድ ቀን ከአጥሩ የሚወጣውን ትኩስ ውሃ አይታ የራሷን ሻሽ ነክራ ሞከረችው። አረፋው እስከ ክርኗ ድረስ ወጣ። ወላሂ ይሄ ውሃ ሳሙናን ሳይነኩት ያስቀዋል ብላ ለጎረቤቶቿ ነገረች። በወሩ አምስት ሴቶች ሆኑ፤ አምና ሃያ ሁለት ነበሩ። ግማሾቹ የሆቴልና የምግብ ቤት ጨርቅ፣ ግማሾቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ወንደላጤዎችን ልብስ ያጥባሉ። በቧንቧ ውሃ ግማሽ ቀን የሚፈጀው እዚህ በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ነጩም ነጭ ይሆናል። የሃያ ሁለት ቤት እንጀራ በዚህ ቧንቧ ላይ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ዘርዓብሩክ ደግሞ ዝም ብሎ አላያቸውም። ውሃው ሲወጣ ሊልጥ የሚችል ትኩስ ስለሆነ፣ በየእሁዱ እየወጣ በሲሚንቶ ረጅም ገንዳ ሠራላቸው። ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ይበርዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማድረቂያዎቹ ሲሞቁ ቫልቩን ከመክፈቱ በፊት ቧንቧውን በመፍቻ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሴቶቹ ያንን ሲሰሙ እጃቸውን ያነሣሉ። በአሥራ አንድ ዓመት አንዲትም ሴት አልተቃጠለችም። እርጉዝ የሆነች ከገንዳው ጫፍ፣ ለብ ያለው ጋ ትቀመጣለች። ይህንን ማንም በወረቀት አላወጀም።

አምና እንግዲህ «አይሶ» መጣ። አይሶ የምንለው የጥራትና የአካባቢ ሥራ አመራር ደረጃውን ነው። ብርድ ልብስ በብዛት የሚገዙት የእርዳታ ድርጅቶች ምስክር ወረቀት የሌለውን ፋብሪካ ጨረታ ላይ አናስገባም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሸረፈዲን፣ ዲና የምትባል ወጣት መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ቀጠረ። ዲና ጨዋ ናት፣ ሥራዋን የምትወድ። ድሬ ላይ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው «አንተ» በሚልበት እሷ ዘርዓብሩክን «እርስዎ፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ» ስትለው፣ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያይ ነበር።

ሠራተኛውን ሁሉ በክበቡ ሰብስባ አስተማረች። ነገሩ ቀላል ነው አለች፤ የምትሠሩትን ጻፉ፣ የጻፋችሁትን ሥሩ፣ መሥራታችሁን አሳዩ። ሌላው ሲያዛጋ ዘርዓብሩክ አላዛጋም። በሃያ ስድስት ዓመት ምን እንደሚሠራ ጻፍ ያለው ሰው አልነበረማ። በተለይ የአካባቢው ቅጽ ደስ አሰኘው። ከክፍልህ ምን ይወጣል፣ ወዴት ይሄዳል፣ ምን ያህል ነው፣ ማንን ይነካል የሚል ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ግማሽ ገጽ ሞልተው ሰጡ። ዘርዓብሩክ ሰባት ገጽ ጻፈ። ጭሱን ጻፈ፣ አመዱን ጻፈ፣ የዘይት ጨርቁን ጻፈ። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሲደርስ ልቡ ሞላ። ውሃውን በጀሪካን ለክቶ በቀን ዘጠኝ ሺህ ሊትር መሆኑን ጻፈ። ማንን ይነካል የሚለው ላይ ከኒሞ ጀምሮ የሃያ ሁለቱንም ሴቶች ስም ከነአባታቸው ዘረዘረ። ቅጹ ላይ ጥሩ ነገር የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ኅዳጉ ላይ «እጅግ ይጠቀሙበታል» አለና ከሥሩ አሰመረ።

ዲና እንዲህ ያለ ቅጽ አይታ አታውቅም። በስብሰባው ላይ አንሥታ አሳየችው፣ ሰው እንዲህ ነው መሙላት ያለበት አለች። ሸረፈዲን አጨበጨበ። የሽመና ክፍሉ ዐያንሌ «አቦ፣ እሱ እኮ ቦይለሩንም ፊደል አስቆጥሮታል» ብሎ ሰውን አሳቀ። ዘርዓብሩክ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ለወይንሸት ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በአይሶ አሠራር ከፋብሪካው የሚወጣ ነገር ሁሉ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ምን ያህል ጊዜ ይወጣል፣ ምን ያህል ብዛት አለው፣ ከአጥር ውጭ ስንት ሰው ይደርሳል። እያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ይመዘንና ሦስቱ ይባዛሉ። የማቅለሚያው ፍሳሽ ማጣሪያ ስላለው አርባ አገኘ። ጭሱ ስልሳ አገኘ። የዘርዓብሩክ ቧንቧ በየቀኑ ይወጣል፣ ብዙ ነው፣ ሃያ ሁለት ሰው ይደርሳል፤ አምስት በአምስት በአምስት፣ መቶ ሃያ አምስት። ከፋብሪካው ሁሉ አንደኛ።

መጀመሪያ ደስ አለው። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ሰው እስኪያየው ጠበቀ። አንደኛ የወጣ ነገር መጀመሪያ የሚወገድ ነገር መሆኑን የነገረችው ዲና ናት። አዲስ ታንከር ታዟል፣ ውሃው ወደ ቦይለሩ ይመለሳል፣ አጥሩ ይደፈናል፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ኦዲተር ከመምጣቱ በፊት፣ ማለትም በአራት ሳምንት።

ኅዳጉ ላይ የጻፍኩትስ አላት። አንብባዋለች፤ ነገር ግን ለማስላት አይገባም። ሊከራከራት ፈልጎ ነበር። ምን ይበል? ውሃ በጠፋበት ከተማ ዘጠኝ ሺህ ሊትር በቀን መትረፉ ውሸት ነው? ትኩስ ውሃ ሲመለስለት ቦይለሩ ነዳጅ መቀነሱ ውሸት ነው? ይህንን ራሱ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት በደብዳቤ ጽፎታል። ዲና ፋይል ስታገላብጥ ደብዳቤዎቹን አግኝታቸዋል፣ ከፊት ለፊቱ አስቀምጣቸው ነበር። በእሱ የእጅ ጽሑፍ፣ እንደ ሠርግ ጥሪ።

ያንን ገጽ እንድትመልስለት ለመናት። ሰነዱ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ማውጣት አይቻልም፣ ማሻሻል ግን ይቻላል አለችው፤ የማሻሻያ ቅጽ ሰጠችው። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ነበር፤ «የለውጡ ምክንያት»። ያን ወረቀት ቦይለሩ አጠገብ ይዞ ዋለ። ውሃው ያን ያህል አይደለም ብሎ ይጻፍ? ራሱ ለክቶታል። ሰው አይጠቀምበትም ይበል? እንደዚያ ካለማ ከንቱ የሚፈስ ውሃ ነው፣ ነገውኑ ይዘጋል። ማታ ሲወጣ ወረቀቱን ባዶውን መለሰላት።

ሸረፈዲን ጋ ገባ። ሸረፈዲን የሐረሪ ልጅ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ከዘርዓብሩክ ጋርም ብዙ ዓመት ያወራሉ። ዘርዓብሩክ ከታንከሩ አንዲት ቀጭን ቧንቧ ብቻ ለሴቶቹ እንድትቀርላቸው ጠየቀ። ሸረፈዲን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። እሱ ቤት ያለው መጋረጃም እዚያው እንደሚታጠብ አልደበቀም። ሆኖም ፋብሪካው ውሃ ሰጪ ከሆነ ውሃውን ማስመርመር፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ጠባቂ ማቆም አለበት፤ አንዲት ሴት ብትቃጠል ተጠያቂ ነው። ጨረታው ደግሞ ወር አልቀረውም።

«አሥራ አንድ ዓመት እኮ ማንም አልተቃጠለም» አለው ዘርዓብሩክ።

«አውቃለሁ፤ ግን ያኔ በወረቀት ሳናውቅ ነበር የሚፈሰው፣ አቦ። አሁን አውቀናል። ያሳወቅኸን ደግሞ አንተ ነህ። ካወቅሁ በኋላ እንዴት አላወቅሁም ልበል?»

ዘርዓብሩክ ተነሥቶ ወጣ። ለዚህ መልስ እኔም እስከዛሬ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ቀረው። ዲና ስታስተምር፣ ደረጃው ጎረቤትን ስሙ ይላል ብላ ነበር። ሴቶቹ ይጠሩና ይናገሩ አላት። ዲና ሐሳቡን ወደደችው፤ እንዲያውም ይህ ስብሰባ በደንቡ መሠረት መደረግ እንዳለበት እሷም እያሰበች ነበር። ዘርዓብሩክ በልቡ ኒሞን ነው የተማመነው። ኒሞ አፍ አላት፤ መጋላ ገበያ ውስጥ ወንድ ነጋዴ ሲያጭበረብራት ሚዛኑን ከነመመዘኛ ብረቱ አሸክማ ፖሊስ ጣቢያ የወሰደች ሴት ናት። እሷ ብትጮህ ሸረፈዲን ይሰማል፣ ዲናም በቃለ ጉባኤው ትጽፈዋለች።

ሐሙስ ቀን ሃያ ሁለቱም መጡ። ዲራ በሚባለው ሰፊ ስስ ቀሚስ አጊጠው፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው፣ ሽቶው ክበቡን ሞላው። ፋብሪካው በክብር ጠርቶናል፣ ምናልባት ብርድ ልብስ ሊሰጠን ይሆናል ብለው ነበር። ለስላሳ ቀረበላቸው። ዲና በአማርኛ ተናገረች፤ ብዙዎቹ የገበያ አማርኛ እንጂ የስብሰባ አማርኛ ስለማያውቁ ማስተርጎም አስፈለገ። ዐያንሌ ሽመናው ላይ ነው፤ ሶማሊኛ ከስብሰባው ማን ይችላል? ዘርዓብሩክ።

ቆመ። ውሃው ከአሁን በኋላ ወደ ውስጥ እንደሚመለስ፣ ቧንቧው እንደሚዘጋ፣ ይህም ለአካባቢው ደኅንነትና ለውሃ ቁጠባ እንደሆነ፣ ዲና ያለችውን አንድም ሳያጎድል በጥሩ ሶማሊኛ ነገራቸው። ሲጨርስ ጩኸቱን ጠበቀ። ኒሞ እጇን አነሣች።

«ቧንቧውን የሚይዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ እንደ ድሮው አንተው ነህ?»

«እኔው ነኝ፣ ግን ኒሞ...»

ኒሞ ወደ ሴቶቹ ዞረች። እሱ ከሆነማ ምን አስጨነቃችሁ፣ ወረቀት ነው፣ የመንግሥት ሰው መጥቶ እስኪሄድ ነው፣ ዘርዓብሩክ ውሃውን አይከለክለንም አለች። ሳቁ። ወረቀቱ ሲዞር አንድ በአንድ ፈረሙ፣ መጻፍ የማይችሉት አሻራ አደረጉ። ዘርዓብሩክ በሶማሊኛ እውነት ነው፣ ይዘጋል፣ ለዘላለም ነው ብሎ ደገመላቸው። ሑዳ የምትባለው ትንሿ፣ ለስላሳዋን ይዛ፣ የሚቀልድ መስሏት በዓይኗ ጠቀሰችው።

ዲና ምን አሉ ብላ ጠየቀችው። እኔ ስላለሁበት ነው የፈረሙት፣ አልገባቸውም አላት። እሷ ተጨንቃ ሦስት ጊዜ አስደግማ አስረዳቻቸው፤ በሦስቱም ጊዜ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ «ነዋሪዎች ተነግሯቸው ተቃውሞ አላቀረቡም» ተብሎ ተጻፈ። ሐሰት አይደለም። አስተርጓሚ በሚለው ቦታ ላይም ዘርዓብሩክ ፈረመ።

ታንከሩ በሳምንቱ መጣ። አጥሩን የሚደፍነው ማን እንደሆነ የአሠራር ሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ «የቦይለር ኃላፊው» ይላል፣ የጻፈውም ራሱ ነው። ቧንቧውን ቆረጠ፣ ጫፉን በየደ፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞላ። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ልብሱን ተሸክመው መጥተው ገንዳው ዳር ተቀመጡ። ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ሲያወሩ ይሰማቸዋል። ሁለተኛውም ቀን መጡ። በሦስተኛው ቀን ወጥቶ ነገራቸው። ያን ጊዜ አመኑት። ማንም አልሰደበውም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር ብሏል ለወይንሸት።

ኦዲተሩ ሁለት ቀን ቆየ። የቦይለር ክፍሉን ገጽ ሲያነብ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ ችግሩን ያገኘው ማነው፣ የለካውስ፣ ጎረቤቶቹን ያነጋገረውስ እያለ ጠየቀ፤ መልሱ ሁሉ አንድ ስም ነበር። አንድም ጉድለት አልጻፈም። ምስክር ወረቀቱ መጣ፣ ጨረታው ተገኘ፣ ሁለት መቶ አርባ ሰው ሥራው ላይ ቆየ። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከእነዚያ ውስጥ የእኔም ዘመዶች አሉ። ኬክ ተቆረሰ። የዘርዓብሩክ ፎቶ ሰሌዳው ላይ ወጣ፣ ቅንድብ የሌለው ፊቱ ክራቫት ታስሮለት። ቦይለሩም፣ እውነት ለመናገር፣ እንዲህ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም።

ሴቶቹ ተበተኑ። ሆቴሉ አንሶላው ግራጫ ሆነብኝ ብሎ ለማሽን አጣቢ ሰጠው። ሑዳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጽዳት ገባች። ሌሎቹ በየሰው ቤት ገቡ፣ ወይም በቦቴ የሚመጣ ውሃ ይጠብቃሉ።

አይሶ ግን ዘግቶ አይተውም። የተወሰደው እርምጃ ውጤት ማምጣቱ በአርባ አምስት ቀን ይጣራ ይላል፤ አጣሪው ከአጥር ወጥቶ፣ ፍሳሽ መኖሩን፣ ሰው መኖሩን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። ዲና ቅጹን ስትሰጠው ሌላ ሰው ልላክ እንዴ ብላው ነበር። እኔው እሄዳለሁ አለ።

በአርባ አምስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ዞሮ ወደ አጥሩ ኋላ ሄደ። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኒሞ እዚያ ነበረች፤ ልብስ የምታሽበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከመሬቱ ልታላቅቅ በብረት ትፈነቅላለች። አየችውና ወረቀቱን አየች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትጽፍ መጣህ፣ ወላል?» አለችው። ወላል ማለት ወንድሜ ማለቷ ነው፤ እንዲህ ብላ መጥራቷን አልተወችም።

ነገራት። ውሃ አለ ወይ፣ ሰው አለ ወይ፣ ይኸው ነው አላት።

«ውሃ አለ?»

«የለም።»

«ሰውስ?»

ወረቀቱን አየና «አንቺ አለሽ» አላት።

«እኔን አትጻፈኝ። ያኔ ጽፈኸኝ ውሃዬ ተዘጋ። አሁን ብትጽፈኝ መንገዱንም ይዘጉታል።»

«ቆመሽ እያየሁሽ የለችም ብዬ መጻፍ አልችልም፣ ኒሞ።»

ኒሞ ብረቱን ጣለችና ቀና ብላ አየችው። የተቆጣች አትመስልም ነበር።

«እሱንስ አውቃለሁ» አለች። «በል ያዝልኝ። ልሂድልህ።»

ድንጋዩን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው እሷ ይዘው አነሡት። ከባድ ነው፣ ሦስት ጊዜ አሳረፉት። እስከ አስፋልቱ ተሸክመው ባጃጅ አስቁመው ከኋላ ጫኑት። ኒሞ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ባጃጁ ወደ ከተማ ታጠፈ። ዘርዓብሩክ ባጃጁ ከዓይኑ እስኪሰወር ቆየና ወደ አጥሩ ተመለሰ። ግራ ቀኝ አየ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ፣ ፍሳሽ በሚለው ላይ የለም፣ ሰው በሚለው ላይ የለም ብሎ ጻፈ። እርምጃው ውጤታማ ነው በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ።